ጥለቱን ቆርጠው ለሸጡ

በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ካፕኮም የተባለው የጃፓን ጌም አሳታሚ «አሱራስ ራዝ» የሚባል ጌም ለገበያ አቀረበ። ታሪኩ በገዛ ባልንጀሮቹ የተከዳ፣ ሚስቱን የገደሉበት፣ ልጁን የነጠቁት የአንድ ተዋጊ ቁጣ ነው። ተጫዋቹ ከዚህ አባት ጋር ምድርና ሰማይ ሲያካልል ቆይቶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነገሩ በእንጥልጥል ይቀራል። እውነተኛው መደምደሚያ ብዙም ሳይቆይ ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ክፍል ሆኖ፣ የራሱ ዋጋ ተለጥፎበት መጣ። ለጌሙ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው የአባትና የልጅን ፍጻሜ ለማየት እንደገና ኪሱን መዳበስ ነበረበት።

ይህ ነውር ነው። የተጠየቀው ገንዘብ ትንሽ መሆኑ ነውርነቱን አይቀንሰውም። ታሪኩን ጀምራችሁ፣ ሰውን አስለቅሳችሁ፣ አስቆጥታችሁ፣ እጁን ይዛችሁ እስከ በሩ አድርሳችሁ በሩ ላይ ገንዘብ ተቀባይ አቆማችሁ። አፍራችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ማፈር ግን ነበረባችሁ።

ጌም ሠሪ ለድካሙ ዋጋ አይጠይቅ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ዲኤልሲ፣ ማለትም ጌሙ ከወጣ በኋላ ከኢንተርኔት የሚወርደው ጭማሪ፣ በራሱ ኃጢአት የለበትም። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2015 «ዘ ዊቸር 3»ን ሲያወጣ 16 ትንንሽ ጭማሪዎችን ጌሙን ለገዛ ሁሉ በነጻ አደለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ማስፋፊያዎችን በገንዘብ ሸጠ። ሁለተኛው፣ «ብለድ ኤንድ ዋይን»፣ 20 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ አዲስ አገር፣ አዲስ ታሪክና ብዙ ቀን የሚያከርም ጨዋታ ተሰጠ። ማስፋፊያ ሆኖ ሳለ ከሙሉ ጌሞች ጋር ተወዳድሮ በ2016ቱ «ዘ ጌም አዋርድስ» የዓመቱ ምርጥ ሮል ፕሌይንግ ጌም ተብሎ ተሸለመ። በ2024 የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ለ«ኤልደን ሪንግ» ያወጣው ማስፋፊያ 40 ዶላር ተጠየቀበት። የገዙት ሰዎች «ከበደን፣ ጠላቶቹ አላስኬድ አሉን» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ «ተዘረፍን» ሲሉ ግን አልሰማሁም። ሁለቱም ጌሞች ያለ ጭማሪው ሙሉ ነበሩ። ጭማሪውን ያልገዛ ሰው እጁ ላይ ያለው ነገር ምንም አልጎደለበትም።

ክሴ ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ቀሚስ ከነጥለቱ አይታችሁ፣ ተከራክራችሁ፣ ተስማምታችሁ፣ ብሩን ቆጥራችሁ ከሰጣችሁ በኋላ ሻጩ መቀስ አንሥቶ ጥለቱን ቢቆርጥና «ይኼኛው ለብቻው ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ጥለቱ በሌላ ቀን፣ በሌላ ድካም የመጣ አይደለም፤ ከቀሚሱ ጋር አብሮ የተሰናዳ ነው። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ሽሮ ሜዳ ላይ ሱቁን ከፍቶ አይሰነብትም፤ ወሬው ቀድሞት መንደሩን ይዞረዋል። በጌም ገበያ ግን ይህን ያደረጉ ሰዎች የዓመቱን ቦነስ ይቀበላሉ፤ በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይም ይጨበጨብላቸዋል።

አጋነነ የሚለኝ ካለ፣ ያው ካፕኮም በማርች 2012 ያወጣውን «ስትሪት ፋይተር ኤክስ ተከን»ን ይመልከት። ተጫዋቾች የሲዲውን ሆድ ሲበረብሩ 12 ተፋላሚዎች እዚያው ውስጥ ተቆልፈው ተቀምጠው አገኙ። ሰውየው ሲዲውን ገዝቶ ቤቱ ወስዶታል። ተፋላሚዎቹ እጁ ውስጥ ናቸው። ከኢንተርኔት የሚወርድለት አዲስ ነገር የለም፤ የሚሸጥለት ቁልፉ ብቻ ነው። ለዚያ ቁልፍ 20 ዶላር ተጠየቀ። ነቀፌታው ሲበረታ ካፕኮም ሲዲ ውስጥ ቆልፎ የመሸጥን ልማድ እንደገና እንደሚያጤነው አስታወቀ። ተያዙ እንጂ ተጸጸቱ አልልም፤ የተጸጸተ ሰው እስኪያዝ አይጠብቅም።

በዚያው ወር ባዮዌር የሠራው፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ) ያሳተመው «ማስ ኢፌክት 3» ወጣ። በተከታታዮቹ ጌሞች ሁሉ ጠፋ የሚባል፣ ብዙው ምሥጢር የተንጠለጠለበት ጥንታዊ ዘር አለ፤ ፕሮቲያን ይባላል። የዚያ ዘር የመጨረሻ ሰው በሕይወት ተገኝቶ ከቡድናችሁ ጋር ይዘምታል፤ ከመደበኛው ዋጋ ላይ 10 ዶላር ከጨመራችሁ፣ ያውም ጌሙ በወጣበት ዕለት። ባዮዌር «ክፍሉን የሠራነው ዋናው ጌም ካለቀ በኋላ ነው» ሲል ተከራከረ፤ ለገጸ ባሕርዩ የሚያስፈልገው የተወሰነ ነገር ግን ቀድሞ ሲዲው ላይ እንደነበር አመነ። መቼ ተሠራ የሚለውን ክርክር ልተውላችሁ። ተጫዋቹ የጠየቀው ሌላ ነበር፦ በሁለት ጌም ውስጥ ዓመታት ሲጠበቅ የኖረ ሰው ሲመጣ ለምን ከአጥሩ ውጭ ቆመ?

ወደዚህ ሁሉ የመንሸራተቱ መጀመሪያ አንድ ፈረስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤተስዳ በኤፕሪል 2006 ለ«ኦብሊቪየን» ጌሙ የፈረስ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠ። ጥሩሩ ያብረቀርቃል። ከማብረቅረቁ በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበረውም። ዓለም ሳቀ፤ ሰው ግን ገዛ። ኩባንያዎቹም ሳቁን ትተው ሽያጩን ያዙ። በኤፕሪል 2025 ያው ጌም ታድሶ ሲወጣ፣ 10 ዶላር በሚያስጨምረው ዴሉክስ እትም ውስጥ ከተካተቱት ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? አዲስ የፈረስ ጥሩር። እኛ አፍረውበት ይሆናል ስንል እነርሱ ለማሻሻጫ ቀልድ አስቀምጠውታል።

በኖቬምበር 2017 ነገሩ አገጠጠ። ኢኤ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2»ን ሊያወጣ ነው። ዋጋው 60 ዶላር፣ ዴሉክሱ 80 ዶላር። ሰው ይህን ጌም ለምን እንደሚገዛ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ሉክ ስካይዎከርን ወይም ዳርት ቬደርን ሆኖ ለመጫወት ነው። ቀድመው የመሞከር ዕድል ያገኙት ሰዎች ጌሙን ሲከፍቱ ቬደር ተቆልፏል። ለማስከፈት 60,000 ክሬዲት ይጠየቃል፤ ክሬዲት ማለት እየተጫወቱ የሚያጠራቅሙት የጌሙ ሳንቲም ነው። ተጫዋቾች ተቀምጠው አሰሉት፤ አንድ ቬደር ለመክፈት 40 ሰዓት ገደማ። አንድ ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ገብቶ የሚሠራው ሰዓት ማለት ነው፤ ያውም ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ጌም ለመጫወት።

ከጎኑ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሣጥን ቆሟል። ሣጥኑ ሲከፈት ካርዶች ይወጣሉ፤ የትኛው ካርድ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ካርዶቹ ግን ተዋጊህን ያጠነክሩታል። ስለዚህ የከፈለው ልጅ ያልከፈለውን ልጅ በችሎታ ሳይሆን በአባቱ ካርድ ይጥለዋል። ጊዜ ከሌለህ ገንዘብ አምጣ፤ ገንዘብ ከሌለህ ጊዜህን አምጣ፤ ሁለቱም ከሌለህ ለከፈለው ልጅ ዒላማ ሁን። የጌሙ አሠራር ይህን ነበር የሚለው።

አንድ ገዥ «80 ዶላር ከፍዬ ቬደር ተቆልፎብኛል» ብሎ ሬዲት በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሲያማርር ከኩባንያው የመጣው መልስ፣ ዓላማው ተጫዋቾች ጀግኖቹን ሲያስከፍቱ ኩራትና የስኬት ስሜት እንዲሰማቸው ነው የሚል ነበር። ያ መልስ ከ660,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ሰብስቦ፣ በሬዲት ታሪክ ከፍተኛውን ተቃውሞ የቀመሰ አስተያየት ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ። ለምን ይህን ያህል አስቆጣ? ሰው ገንዘቡ ሲወሰድበት ይበሳጫል፤ ገንዘቡን ወስደው ሲያበቁ «ላንተው ኩራት ብለን ነው» ሲሉት ግን እንደ ሞኝ መቆጠሩን ያውቃል። ቁጣው የ80 ዶላር አልነበረም፤ የንቀቱ ነው።

ከዚያ የሆነውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ የጀግኖቹ ዋጋ በ75 በመቶ ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ የጌሙን ታሪክ ለጨረሰ ሰው የሚሰጠው ሽልማት አብሮ ተቀነሰ። በቀኝ እጅ ሰጥቶ በግራ መቀበል ይሉታል የእኛ ሰዎች። ሕዝቡ ይህንንም ነቃበት። ጌሙ በይፋ በሚወጣበት ዋዜማ፣ ኢኤ ሣጥኑን በገንዘብ መግዛት ዘጋ። ጌሙ በማግሥቱ ወጣ፤ ሠራም። እንግዲህ ያ ሣጥን ጌሙ ቆሞ እንዲሄድ የሚያስፈልግ ምሰሶ ነበር ያሉን ሁሉ ምን ይላሉ? በአንድ ሌሊት ተነቅሎ ቤቱ አልፈረሰም።

ወደ ሌላው የኢኤ ጌም እንለፍ። የእግር ኳሱን «ፊፋ»ን፣ በ2023 ስሙ ቢለወጥም፣ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተራ የሚጠብቀው ይገባል። «አልቲሜት ቲም» የሚባለው የጌሙ ክፍል እዚያ እምብዛም አይነካም፤ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋልና። ማጣት አንዳንዴ አጥር ይሆናል። ያው ጌም ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ካለ የአበሻ ቤት ሳሎን ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ልጁ ቡድኑ ውስጥ ምርጥ ተጫዋች እንዲገባለት የታሸገ ፓክ ይገዛል። ምን እንደሚወጣ አያውቅም። ይጫነዋል፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ መጀመሪያ የአንድ አገር ባንዲራ ይታያል፣ ቀጥሎ የሚሰለፍበት ቦታ፣ ቀጥሎ የክለቡ አርማ። ልጁ ትንፋሹን ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የማይፈልገው ሰው ነው። «አንድ ብቻ ልድገም» ይላል። በዓመቱ አዲሱ እትም ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ቡድን አብሮት አይሻገርም፤ ከባዶ ይጀመራል።

ኢኤ በማርች 2021 በዘጋው የበጀት ዓመት ከስፖርት ጌሞቹ የአልቲሜት ቲም ክፍል ብቻ ያገኘው ገቢ 1.62 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም፤ ከፊሉ «አንድ ብቻ ልድገም» ካለ ልጅ የመጣ ነው።

የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በኤፕሪል 2018 የ«ፊፋ 18»ን ጨምሮ የሦስት ጌሞችን የዕድል ሣጥን መርምሮ በአገሩ ሕግ ቁማር ነው አለ። ኢኤ በ2019 መጀመሪያ ፓኩ የሚገዛበትን የፊፋ ነጥብ በቤልጅየም መሸጡን አቆመ። በጁን 2019 የኩባንያው ሹም በእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ነገሩ ቁማር ሳይሆን ሰውን የሚያስገርም አሠራር ነው፣ ልጆች ከሚወዱት አሻንጉሊት ያለበት የቸኮሌት እንቁላል አይለይም፣ ሥነ ምግባርም አይጎድለውም ብለው ተከራከሩ። ለእውነት ሲባል ልጨምር፤ በኔዘርላንድ በኢኤ ላይ የተጣለውን የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ሽሮታል። ሕግ በየአገሩ ይለያያል። እኔ የምናገረው ግን ስለ ኅሊና ነው። የቸኮሌት እንቁላል የበላ ልጅ ቢያንስ ቸኮሌቱን በልቷል፤ ሱቅ ሄዶ ሳንቲም ከፍሎ ነው የወሰደው፤ እናቱም አይታለች። ሌሊት በአልጋ ላይ መቶኛውን እንቁላል አልሰበረም። ይህን ልዩነት የማያውቅ የኩባንያ ሹም የለም። እያወቁ ነው እንዲያ ያሉት።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት መከላከያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጌም መሥራት ውድ ሆኗል» ይላሉ። እውነት ነው። የትልቅ ጌም ዋጋ በአሜሪካ ለ15 ዓመት ያህል 60 ዶላር ላይ ቆሞ ሳለ የሠሪው ብዛትና የሚፈጀው ጊዜ አድጓል። እንግዲያው ዋጋውን በግልጽ ጨምሩ! በ2020 ወደ 70 ዶላር መውጣት ሲጀምር ሰው አጉረምርሞ ከፈለ። ከፍሎስ ምን አገኘ? ካፕኮም በማርች 2024 «ድራጎንስ ዶግማ 2»ን በ70 ዶላር አውጥቶ በዚያው ዕለት ከጎኑ የዕቃ ዝርዝር ደረደረ። የገጸ ባሕርይህን መልክ ለመቀየር የሚያገለግለው መጽሐፍ ሳይቀር በገንዘብ ነበር። ዕቃዎቹ በጌሙ ውስጥ በመጫወትም ይገኛሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ሠሪው አንድን ነገር በጨዋታ አስቸጋሪ አድርጎ ሲያበቃ፣ ያንን ችግር ማለፊያ ከጎኑ የሚሸጥ ከሆነ፣ ችግሩን ያበዛው ለጨዋታው ውበት ይሁን ለገበያው ማን ይመሰክርለታል? ተጫዋቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ረጅም መንገድ በጥርጣሬ ነው የሚሄደው።

«መልክ ብቻ ነው፤ ልብስ ነው፤ ማንም አልተገደደም» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው መከላከያ ነው። ስለ አለመገደድ ስናወራ «ፎርትናይት»ን እናንሣ። ጌሙ በነጻ ነው፤ የሚሸጠው ልብስና ጭፈራ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2022 ባለቤቱን ኤፒክ ጌምስን በሁለት ጉዳይ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ለተጫዋቾች የሚመለስ ነው። ክሱን ያነበበ ሰው «አልተገደደም» የሚለውን ቃል መልሶ አይናገረውም። ተጫዋቹ ጌሙን ከእንቅልፍ ሲያነቃ፣ ጌሙ ሲጭን ሲጠብቅ፣ ወይም አንድን ልብስ ሊያየው ብሎ ከጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲነካ ሒሳቡ ሊቆረጥበት ይችል ነበር። ሕፃናት ወላጅ ሳያውቅ በአንድ ጣት ይገዙ ነበር። ያልፈቀደውን ክፍያ ባንኩ ዘንድ ሄዶ የተከራከረ ወላጅ አካውንቱ ይቆለፍበት ነበር፤ ከዚህ በፊት በገንዘቡ የገዛውን ሁሉ ጨምሮ። እስቲ ይህን ለአንድ ቀን ተሸክማችሁ አስቡት። ገንዘቡን ሳይፈቅድ ወሰዱበት፤ መልሱ ሲል የቀረውንም ቆለፉበት።

አብዛኛው ልብስ ደግሞ በዶላር አይሸጥም። በመጀመሪያ ዶላሩ ወደ ጌሙ ገንዘብ ይመነዘራል። ምንዛሪው ለዓመታት በጥቅል ነበር፤ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው ዕቃ ዋጋ ጋር አይገጥምም ነበር፤ ወይ ይጎድላል ወይ ይተርፋል። የተረፈው ብዙ ጊዜ ለብቻው ምንም አይገዛም ነበር፤ ሌላ ጥቅል ካልተጨመረበት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ሒሳብ እንዲሠራ አይጠበቅም። ሒሳቡ የተቀመጠውም እንዳይሠራው ነው።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የባሰው። ሸጠው ይወስዳሉ። በኖቬምበር 2020 ባንጂ ከ«ዴስቲኒ 2» ውስጥ ሰዎች ገንዘብ የከፈሉባቸውን ዘመቻዎች ነቅሎ አወጣ። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ በ2018 በ40 ዶላር የተሸጠው የ«ፎርሴከን» ዘመቻ ተከተለ። ምክንያቱ ጌሙ ከመጠን በላይ አብጧል፣ ለመጠገን አስቸግሯል የሚል ነበር። ያበጠው በእናንተው ሽያጭ አይደለምን? ዩቢሶፍት በበኩሉ በ2014 የሸጠው «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም የሚሠራበትን ሰርቨር በማርች 31 ቀን 2024 ዘጋው። ጌሙ ሁልጊዜ ከሰርቨር ጋር መገናኘት ስለነበረበት ብቻውን መኪና የሚነዳ ሰው እንኳ ከዚያ ቀን በኋላ ሊጫወተው አልቻለም። ከነጭማሪው የገዛው ሁሉ በአንድ ቀን የማይከፈት ፋይል ሆነ። ከ2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ፣ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ሰው ለገዥው የሚሰጠው ባለቤትነት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ሕግ እስኪያስገድዳቸው ድረስ «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ እያስጫኑ ሲያከራዩ ኖረዋል።

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ገዥው አዞራለሁ፤ ተግሣጹ ለእርሱም ይገባዋል። በ2015 ዋርነር ለ«ባትማን፦ አርክሃም ናይት» 40 ዶላር የሚያወጣ ሲዝን ፓስ፣ ማለትም ወደፊት ለሚወጡ ጭማሪዎች የሚከፈል ቅድሚያ ክፍያ፣ ሲያስተዋውቅ ውስጡ ያለውን በጥቅሉ ብቻ ነበር የተናገረው። ብዙ ሰው ተሳደበ፤ እየተሳደበ የገዛም አለ። ጁን ላይ ጌሙ ሲወጣ የኮምፒዩተሩ እትም ከብልሽቱ የተነሣ በቀናት ውስጥ ከገበያ ተነሣ። ያላየኸውን ነገር፣ ካልተሠራ ጌም ላይ፣ ዋጋውን ከፍለህ ስታበቃ ማንን ነው የምትከሰው? አንተ ዛሬ የከፈልከው ገንዘብ ነገ በስብሰባቸው ላይ «ተጫዋቾች ይህን አሠራር ወደውታል» የሚል ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በአፍህ ትረግማለህ፣ በካርድህ ትመርቃለህ። እነርሱ የሚሰሙት ካርዱን ነው።

የአገር ቤቱ ተጫዋች ሌላ ወጥመድም አለበት። የፕሌይስቴሽን ኔትዎርክ አካውንት ሲከፈት ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ልጁ የአሜሪካ ወይም የኢምሬትስ አካውንት ይከፍታል፤ ውጭ ያለች እኅቱ የጊፍት ካርድ ቁጥር በቴሌግራም ትልክለታለች። ሲዲው ግን ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው። ዲኤልሲ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከራሱ የሽያጭ ክልል ጌም ጋር ብቻ ነው፤ ከአሜሪካው ስቶር የወረደ ጭማሪ የዱባዩን ሲዲ አያውቀውም። እኅቱ ሠርታ የላከችው ገንዘብ ሄደ፤ ጭማሪው ግን አልሠራም። አቅም ያጠረው ሰው ሌላም ወጥመድ ነበረበት፦ ከ2010 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ኢኤ ያገለገለ ሲዲ የገዛ ሰው ኦንላይን ለመጫወት 10 ዶላር እንዲጨምር ያደርግ ነበር። አዲስ መግዛት የማይችለውን ሰው ለይቶ ማስከፈል ማለት ነው። በ2013 አቆመው፤ መተዉ መልካም ነው፤ ያሰቡት ግን እነርሱ ናቸው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በገልፍ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ከዚህ አታመልጡም። ልጁ ዝም እንዲል ብላችሁ ካርዳችሁን ኮንሶሉ ላይ ትታችሁ ሥራ ትገባላችሁ። ድርብ ሺፍት ሠርታችሁ ስትመለሱ ልጁ አልተኛም፤ ፓክ እየከፈተ ነው። በወሩ መጨረሻ የባንክ ወረቀቱ ሲመጣ የምትቆጡት ልጁን ነው። ልጁን አትምቱት፤ አትስደቡት። ያ ስክሪን ልጁ እንዲሸነፍ ታስቦ በባለሙያዎች የተሠራ ነው፤ ዕድሜውም ዘጠኝ ነው።

እናንተ ሠሪዎችና አሳታሚዎች ግን ዘጠኝ ዓመታችሁ አይደለም። የሠራችሁትን ሙሉ አድርጋችሁ ሽጡ። ሲዲው ላይ ያለውን ክፈቱት። ዋጋችሁን በዶላርና በሳንቲም ጻፉት እንጂ በፈጠራችሁት ገንዘብ አትሸፍኑት። የሸጣችሁትን ለገዛው ሰው ተዉለት፤ ሰርቨሩን ስትዘጉ ብቻውን የሚጫወትበትን መንገድ አስቀርታችሁ ዝጉ። አዲስ ነገር ሠርታችሁ ስትመጡ ደግሞ እንከፍላለን፤ ከፍለንም እናውቃለን።

አንባቢም፣ ጌሙ ወጥቶ የታመነ ሰው ተጫውቶት እስኪመሰክር ድረስ ለሲዝን ፓስም ሆነ ለዴሉክስ አንድ ሳንቲም አትክፈል። ዲኤልሲ ከመግዛትህ በፊት የሲዲህና የአካውንትህ ክልል አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ኮንሶል ያለበት ቤት ያላችሁ ሁሉ ካርዳችሁን ዛሬውኑ አንሡት፤ ያለ ይለፍ ቃል ምንም እንዳይገዛ አድርጋችሁ ቆልፉት።